የሚወዛወዘው ምድጃ

ኪሊፊ፣ ኬንያ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ እህት፣ ለእኔ ግን እናቴም ለሆነችው ለኻልቲ ኢቲዳል፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺ ላይ፣ በልጅሽ በሪም ላይ፣ በግቢያችን ማንጎዎች ላይ ሳይቀር ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሳሽም። ሪም «እማዬ በእጁ ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብላለች» አለችኝ። ይኸው በእጄ ጽፌ ፎቶውን በሪም ስልክ ልኬልሻለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሐምዳን በፎቶ ኮፒ ቤቱ አትሞ ይስጥሽ።

ኻልቲ፣ ሥራ አገኘሁ። ፖርት ሱዳን የዕቃ መርከብ ላይ ወጥ ቤት እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ሞምባሳ ወርጄ ያገኘሁትን ስሸከም ከረምኩ። አሁን ካፒቴን ማርግሪት የምትባል የስድሳ አራት ዓመት ሴት አገኘሁ። ባለ ሸራ ጀልባ አላት፤ በነፋስ ነው የሚሄደው። በሚያዝያ ከዚህ ተነስታ ወደ ሲሸልስ ደሴቶች፣ ከዚያም አላህ ካለ እስከ ኢንዶኔዥያ ልትሄድ አስባለች። ጁማ የሚባል የዚህ አገር መርከበኛ አብሯት አለ። ሦስተኛው ሰው ወጥ ሠሪው ነው። ኩሽናውን አደራጅቼ የሙከራውን ጉዞ ካለፍኩ ወጥ ሠሪው እኔ ነኝ፤ ካላለፍኩ ሌላ ሰው ትቀጥራለች። ከፖርት ሱዳን ወዲህ እንደዚህ የፈለግሁት ነገር የለም።

ታዲያ ኩሽና ስልሽ ኩሽና እንዳይመስልሽ። የሐምዳን ባንኮኒ ቢሰፋ እንጂ አይጠብም። ፍሪጅ አለ፤ ካፒቴኗ ግን «ባሕር ላይ ፍሪጅ ይበላሻል፤ እንደሌለ ቁጠረው» ትለኛለች። የሚጠጣው ውሃ በልክ ነው። ከተነሳን በኋላ ለሳምንታት ሱቅ የሚባል ነገር አይታይም።

ይህን ስትነግረኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ዳቡስ ወንዝ ዳር ወርቅ ለሚያጥቡት ሰዎች ልታበስዪ ስትወርጂ፣ በሁለት አህያ ጭነት ሃያ ሰው አንድ ወር ታበዪ ነበር። እኔም ያደግሁት፣ የተማርኩትም በዚያ ድስት ነው። ምን ነበር የምትጭኚው? እንዴትስ ነበር የምትጭኚው? አንዱንም ሳትተዪ ጻፊልኝ።

ልጅሽ ሙንታሲር


አሶሳ
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሙንታሲር፣ የእህቴ አደራ፤

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ ከማዕበል፣ ከሰው ዓይን፣ ከራስህ ችኮላም ይጠብቅህ። ከሦስቱ የምፈራው የመጨረሻውን ነው።

መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። ስልክ ያላነሳሁትም ለዚሁ ነው። ስልክስ ምን ያደርጋል? ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ካርዱ ያልቃል። ደብዳቤ ሲሆን ግን እንደገና አነበዋለሁ። በጽሑፌ አትሳቅ። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነኝ፤ አማርኛዬም ከቤርታ ቋንቋዬ ጋር ተጋብቶ የሚኖር ነው፤ አንዳንዴ ይጣላሉ።

ሥራ በማግኘትህ ሁለት ረከዓ ሰግጃለሁ። ሴት ካፒቴን መሆኗንም ወደድኩት። አሁን ስማኝ።

ካርቶን ወደ ኩሽናህ አታስገባ። በረሮ እንቁላሏን የምትጥለው በካርቶን እጥፋት ውስጥ ነው። ሁሉንም ውጭ አራግፈህ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጠህ አስገባ። የሚሰበር ነገር አትያዝ። ሽንኩርት አየር ይፈልጋል፤ በመረብ ስቀለው። ድንችን ከሽንኩርት አርቅ፤ አብረው ሲያድሩ ይበላሻሉ።

ከዚያ የቀን ቋጠሮ ሥራ። የእያንዳንዱን ቀን ዱቄት፣ የደረቀ ባሚያ፣ ጨውና በርበሬ ለየብቻው በአንድ ጨርቅ ቋጥር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ብልህ ነው። በሃያኛው ቀን ግን ጭንቅላትህ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ምን ላብስል ብለህ አታስብም፣ አንዱን ቋጠሮ ትፈታለህ። በየሰባት ቀኑ አንድ ትርፍ ቋጠሮ ጨምር፤ እሱ የእንግዳ ነው። ባሕር ላይ ምን እንግዳ አለ እንዳትለኝ። ዳቡስ ጫካ ውስጥም እንዲሁ ይሉኝ ነበር፤ እንግዳ ግን ይመጣ ነበር።

ከሁሉም በላይ እሰር። ያልታሰረ ዕቃ አይደርስም። የላላ ነገር ካየህ፣ ነገ አትበል፣ ያኔውኑ እሰረው።

ሪምና የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበን ባሚያ አድርቀን እየወቀጥን ነው። ሥጋም ሰቅለናል። ሾፌሩ አብዱልረሂም እስከ ሞያሌ ያደርስልኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ ታውቃለህ።

ፎቶህን ላክልኝ። የኩሽናውን አይደለም፣ ያንተን።

ኻልቲህ ኢቲዳል


ኪሊፊ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኻልቲ ኢቲዳል፤

የነካሽው ሁሉ በረካ ይሁን። ጆንያው ደረሰ! ስከፍተው የባሚያው ዱቄት ሽታ ጀልባውን ሞላው። የቤታችን ቀንቀስ ነው፤ በዓይኔ ሳላይ በአፍንጫዬ አወቅሁት። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? የወቀጡትን ሴቶች ሁሉ በየስማቸው አመስግኚልኝ፤ አንዷንም እንዳትረሺ።

ሥራው እየሄደ ነው። ካርቶን የሚባል አልገባም። የቆርቆሮ ምግቦቹን ወረቀት ልጬ ስማቸውን በማርከር ጻፍኩባቸው፤ ወረቀቱ ከረጠበ ምስር የትኛው፣ ዓሣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና። በመደርደሪያዎቹ ጠርዝ ዕቃ እንዳይንሸራተት ዘንግ መታሁ። በእግር የሚረገጥ የባሕር ውሃ ፓምፕ አለ፤ ሳህን በጨው ውሃ ታጥቦ በመጨረሻ ብቻ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። የጋዝ ሲሊንደሮቹ ከኩሽናው ውጭ ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ጋዝ ቢያፈስ ወደ ባሕር እንጂ ወደ መኝታችን አይወርድም። ክዳኑ የሚቆለፍ የግፊት ድስትም ገዛን። ለሙከራ ሠላሳ እንቁላል በቫዝሊን ቀብቼ አስቀምጫለሁ፤ እንዲህ ከተቀባ ያለ ፍሪጅ ሳምንታት ይቆያል አሉ።

የተቸገርኩት በምድጃው ነበር። አሮጌ ነው፤ ካፒቴኗ ከሌላ ጀልባ ነው የገዛችው። በሁለት ጎኑ ብቻ ተይዞ ይንጠለጠላል፤ በጣቴ ስነካው ወዲህ ወዲያ ይላል። የዕቃ መርከባችን ምድጃ ከወለሉ ጋር የተበየደ ነበር። ይሄኛው ብሎኑ ጠፍቶበት ነው ብዬ አራት ብሎን ገዝቼ ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። አሁን ተራራ ነው! ካፒቴኗ ናይሮቢ ናት፤ ጁማም ወንድሙን ሊድር ላሙ የምትባል ደሴት ሄዷል። ሲመጡ ይደነቃሉ። ምክርሽን ሰማሁ፤ ያልታሰረ አይደርስም።

የሙከራው ጉዞ ጥር 30 ነው። ዱዓ አድርጊልኝ። ትናንትም ደውዬ ነበር።

ልጅሽ ሙንታሲር


አሶሳ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ላስጠጋችህ ሴት።

ጆንያው በመድረሱ ደስ ብሎናል። አልቅሻለሁ ያልከውን ለሴቶቹ አነበብኩላቸው፤ እነሱም አለቀሱ። ከዚያ «በባሚያ የሚያለቅስ ወንድ ማን ያገባዋል?» ብለው ሳቁብህ።

አማራው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ያንተው በቫዝሊን ተቀብቶ ይንሸራተታል እንጂ አይሄድም።

ምድጃውን ማሰርህ ደግ አደረግህ። እየተወዛወዘ ምን ሊያበስል ኖሯል!

ፎቶህን አሁንም አልላክህም።

ኻልቲህ


ኪሊፊ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኻልቲ ኢቲዳል፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። በመዘግየቴ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ሙከራው ደህና ነበር። ትንሽ ወጥ ፈሰሰ። ካፒቴኗ ከዒድ በኋላ ሁለተኛ ሙከራ ይደረጋል ብላለች፤ ያን ጊዜ ትወስናለች። ከሞምባሳ ሌላ ወጥ ሠሪም አነጋግራለች።

ረመዷን ሙባረክ። ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ አጠገቤ ያለው ጁማ ነው።

ሙንታሲር


አሶሳ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙንታሲር፤

ሰላምታውን በኋላ እሰጥሃለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፈው ማን ነው?

አንተ ነህ እንዳትለኝ። አንተን ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ዳቡስ ዳር፣ ድስቱ እስኪበስል፣ በራሴ የመሠረተ ትምህርት ደብተር። ጽሑፍህ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላህ ጀምሮ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ስንት ጊዜ ቀና አድርገህ ጻፍ ብዬህ እምቢ ብለሃል። ይሄ ወደ ግራ ወድቋል። እንደ ጀማሪ ተማሪም ከመስመር ይወጣል። ሌላ ሰው ጽፎልህ ከሆነ ለምን? በግራህ ጽፈህ ከሆነስ ቀኝህ የት ሄደ?

ፎቶውንም አየሁት። ፊትህ ከስቷል። ቀኝ እጅህ ከጁማ ጀርባ ነው። ወዳጅ አቅፈህ ነው እንዳልል፣ ወዳጁን ያቀፈ ሰው እንዲህ አይቆምም።

ሠላሳ ዓመት ወርቅ አጣቢ አብልቻለሁ። ጉድጓድ ተደርምሶበት «ትንሽ አፈር ነው» የሚለኝን ሰው አውቀዋለሁ። «ትንሽ ወጥ» አትበለኝ። እውነቱን ጻፍ፤ በግራህም ቢሆን ጻፍ።

ኢቲዳል


ኪሊፊ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኻልቲ፤

ይቅር በይኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ሲይዘው በአንድ ጎኑ ያጋድላል፤ እንዳጋደለም ሙሉ ቀን ይሄዳል። ይህን አላውቅም ነበር። ትልቁ መርከብ እንዲህ አያደርግም። ካፒቴኗና ጁማ የደረሱት በሙከራው ዋዜማ ሌሊት ስለነበር ብሎኖቹን አላዩም። በሙከራው ቀን ከወደቡ እንደወጣን ጀልባው አጋደለ፤ ያሰርኩት ምድጃም አብሮ አጋደለ። የፈላ ምስር ያለበት ድስት ተንሸራቶ መጣ። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

ከአንጓዬ እስከ ጣቶቼ ተቃጠልኩ። ሐኪሙ ጣቶቼ ይድናሉ ብሏል፤ ቆዳው ግን ጊዜ ይፈልጋል። እስካሁን አልተጨበጠልኝም። በግራ እጄ መብላት አልለመድኩም፤ በማንኪያ አፈጥራለሁ።

ካፒቴኗ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አራቱን ብሎኖች ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «ይህ ምድጃ የተሠራው እንዲወዛወዝ ነው። ጀልባው ሲያጋድል እሱ ቀጥ ብሎ እንዲቀር» አለችኝ። ብሎኖቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው።

አሁን ተፈትቷል፤ ግን ከልክ በላይ ይወዛወዛል። ትንሽ ማዕበል ሲመጣ ግድግዳውን ይመታል። የታችኛው ክፍሉ ዝጎ በቀድሞ ባለቤቱ ተቆርጧል። አዲስ ቢታዘዝ ከአውሮፓ እስኪመጣ ነፋሱ ያልፍብናል። ካፒቴኗ ያለ ትኩስ ምግብ አልነሳም ብላለች። ምድጃውም እኔም ከዒድ በኋላ ካልተስተካከልን እኔን ትታ፣ ነጭ ጋዝ በሚነድ ትንሽ ምድጃ የሚሠራውን የሞምባሳውን ሰው ትወስዳለች።

የደበቅሁሽ እንዳታዝኚ ነው። ምክርሽ ልክ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዳንቺ ያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስላለኝ አላህን አመሰግናለሁ።

ሙንታሲር


አሶሳ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፤

አላህ ሺፋውን ያውርድልህ። እጅህን ያቃጠለ እሳት ዓይንህን አለመንካቱን አስቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ደግ አደረግህ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤዬን መልሼ ባነበው ኖሮ ቀድጄ እጥለው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ችኩሏ አሶሳ ተቀምጬ አንተን ኪሊፊ አስለቀምኩህ። ይቅር በለኝ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ማታ ከተራዊሕ ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሳውቀው ኖሬ ለምን እንዳልነገርኩህ እንጃ።

ዳቡስ የወረድኩ የመጀመሪያው ዓመት፣ ከካማሺ በኩል የመጣች አንዲት የጉሙዝ ሴት ነበረች። ስሟን ዛሬ አላስታውሰውም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ውሃ የምትቀዳው እንደነሱ ነው፤ ዘንግ ትከሻዋ ላይ፣ ከፊት አንድ ቅል፣ ከኋላ አንድ ቅል። አይቼ ቀናሁና እኔም ሞከርኩ። ግን ያው እኔ ነኝ፣ ማሰር ነው የማውቀው። የቅሎቹን ሆድ ከዘንጉ ጋር ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። አንድ እርምጃ ስሄድ ውሃው ደረቴ ላይ፣ ሌላ እርምጃ ስሄድ ጀርባዬ ላይ። ሰፈሩ ስደርስ ከቅሉ ይልቅ ቀሚሴ ነበር ውሃ የያዘው።

ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁሉንም ፈታችና ቅሎቹን በአንገታቸው በገመድ አንጠለጠለቻቸው። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እኔም በተሰባበረ አማርኛዬ፣ «ቅል ተወው ይሄዳል። አንተ ያዝ፣ እሱ ይደፋል» አለችኝ። አንጠልጥዬ ስሄድ ዳገቱን ወጣሁ፤ ጠብታም አልፈሰሰ።

ሌላም አለ፤ ላንተ የሚሆነው ይሄ ነው። በማግስቱ ባዶ ቅሎች አንጠልጥዬ ወደ ወንዙ ስወርድ እየተጋጩ አስቸገሩኝ፤ አንዱ ተሰነጠቀ። እሷም በየቅሏ ጥቂት ጥቂት ውሃ ታስቀራለች ለካ። ሆዱ የከበደ ቅል ይረጋል፤ ባዶው ግን ያብዳል።

ምድጃህ የታችኛው ክፍሉ ተቆርጧል አልክ። ባዶ ቅል ሆኖብሃል ማለት ነው። ሆዱን አክብድለት። ብረት ይሁን ድንጋይ አንተ ታውቃለህ፤ ግን ከታች ይሁን፣ ከላይ አይደለም። እኔ የነገርኩህ የአህያ ጭነት ነበር። ያንተ ጀልባ አህያ ሳይሆን ዘንግ ነው።

አሁን አንተ እጅህን ከገለጥክ እኔም ጆሮዬን ልግለጥ። ኔትወርክ ነው ያልኩህ ውሸት ነው፤ አንዳንዴ ብቻ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግራ ጆሮዬ ዝም አለ፤ ቀኙም ተከተለው። ሐኪም አይቶኛል፤ አይመለስም ብሎኛል። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «ሸርቆሌ! ሸርቆሌ!» ሲል አፉን አያለሁ እንጂ ድምፁን አልሰማም። ስትደውል ሪም ስልኩን ታሳየኛለች፤ ስምህን እያየሁ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ብነግርህ ሥራህን ትተህ ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ። ሪምን አስምያታለሁ፣ አትቆጣት።

በእጅህ ጻፍ ያልኩህም ለዚህ ነው። ጽሑፍህ ድምፅህ ነው። ወደ ግራ ሲወድቅ የደነገጥኩት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል።

ኻልቲህ ኢቲዳል


ኪሊፊ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኻልቲ ኢቲዳል፤

ዒድ ሙባረክ። አላህ የጾምሽውን ይቀበልሽ፤ ያላነሳሽውን ስልክ ሁሉ በምንዳ ይተካልሽ።

ደብዳቤሽን ለካፒቴኗ በእንግሊዝኛ አነበብኩላት። የጉሙዟ ሴት ጋ ስደርስ ቀጥል፣ ቀጥል አለችኝ። የዚያኑ ቀን ከጁማ ጋር ከአንድ በያጅ ዘንድ ሄደን አሥራ ሁለት ኪሎ ወፍራም ብረት አስቆረጥን፤ በምድጃው ሆድ ሥር አስበየድነው። በጣቴ ስነካው አንዴ ዘንበል ብሎ ተመልሶ ረጋ። ጁማ እንደ ልጅ ደጋግሞ ገፋው።

መጋቢት 25 ቀን ወጣን። ነፋሱ ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ካፒቴኗ ቀበቶ አስታጥቃ ከምድጃው ትይዩ አሰረችኝ። አየሽ ኻልቲ፣ አሁን የሚታሰረው ወጥ ሠሪው ነው፤ ምድጃው ይፈታል። አንድ የቀን ቋጠሮ ፈታሁ። ጀልባው አጋደለ፣ እኔም አጋደልኩ፣ ድስቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። የቀንቀሱ ወጥ እስከ አፉ ሞልቶ ጠብታ አልፈሰሰም። እጄ ገና ስለሚሳብ ገንፎውን ያገነፋሁት ጁማ ድስቱን ይዞልኝ ነው።

ካፒቴኗ ሁለት ሳህን በላች። ከዚያ የሞምባሳውን ሰው ስልክ ቁጥር ከግድግዳው ላይ ቀደደችው። ሚያዝያ 2 እንነሳለን፤ ወጥ ሠሪው ልጅሽ ነው!

ስለ ጆሮሽ ምን ልበል? ስትቆዪብኝ ረሳችኝ ብዬ ያሰብኩበት ቀን ነበር። አፈርኩ። ሥራዬን ትቼ ልምጣ ብል በዘንግ እንደምታባርሪኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሄጄ እመለሳለሁ። ስለ ሁሉም አመሰግንሻለሁ፦ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ድስቱ፣ «ይህን የጻፈው ማን ነው» ስላልሽውም። እዚህ ማንም እንዲህ አልጠየቀኝም።

ሲሸልስ ስንደርስ በምስል እደውላለሁ። አንሺው። መስማት የለብሽም፣ እዪኝ ብቻ።

ልጅሽ ሙንታሲር


አሶሳ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሙንታሲር፤

ከውቅያኖስ ላሻገረህ ጌታ ምስጋና ይሁን። ካፒቴኗንና ጁማንም አላህ ይባርካቸው።

ከሲሸልስ የላክኸውን ደብዳቤ ሐምዳን አትሞ ቤት ድረስ አመጣልኝ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘግቶ። በዘጠነኛው ቀን ሞተራቸው የቆመባቸውን ዓሣ አጥማጆች አግኝታችሁ የእንግዳውን ቋጠሮ እንደፈታህላቸው አነበብኩ። ባሕር ላይ ምን እንግዳ አለ ስትል ነበር በልብህ፤ አውቅሃለሁ። ለጎረቤት ሴቶች ስነግራቸው ለሚቀጥለው መንገድህ ጆንያ ይዘው መጡ። ባሚያው ገና አልተዘራም፤ ማንጎ ነው ቆራርጠን የምናደርቅልህ።

የጉሙዟንም ሴት ስም ካማሺ ለሚሄድ ሰው ሁሉ እያስጠየቅሁ ነው። በሕይወት ካለች ስለ ምድጃህ ልንገራት፤ እንደገና መሬት ቁጭ ብላ ትስቅብኛለች።

ትናንት ስትደውል ሪም ስልኩን እንስራው ላይ አስደግፋ አቆመችልኝ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም ይጮኻሉ፤ እኔ አፋቸውን ነው የማየው። አንተ ግን ፈገግ ብለህ ቀኝ እጅህን ወደ ስልኩ አስጠግተህ ዘረጋህ፤ ጨበጥክ፣ ደግመህ ዘረጋህ። ቆዳው ገና ቀላ ያለ ነው፤ ቅቤ ቀባው።

ሰዎቹ ምን እያየሽ ነው ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ። ጣቶችህን እየቆጠርኩ ነበር። አምስት ናቸው።

ኻልቲህ ኢቲዳል